የዓለምን የጥንት ታሪክ በፒያሳ ስለ ማስተማር

በጎንደር ከተማ መካከል ያለው ሠፈር ፒያሳ ይባላል። ስሙን ሕፃኑም ሽማግሌውም ይጠራዋል፤ ቀጠሮ የሚያዘው በዚያ ነው፤ ተማሪውም ነጋዴውም እንግዳውም የሚተላለፈው በዚያ ነው። ስሙ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ጣልያኖች ያወጡት ነው» ከማለት አልፎ የሚናገር ጥቂት ነው። ጣልያኖችስ ከማን ወረሱት? ቃሉ በነሱ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው፤ የተወለደውም «ፕላቴያ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ላቲኑም ከግሪክ የተበደረው ሲሆን በግሪክ ትርጓሜው ሰፊ መንገድ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የጎንደር ልጅ ባልንጀራውን «ፒያሳ እንገናኝ» ባለው ቍጥር ግሪክንና ሮምን ሳያውቅ እየጠራ ነው። ያው ልጅ ወደ ክፍሉ በገባ ጊዜ ግን ግሪክና ሮም ለፈተና ተሸምድደው ከፈተና ማግስት የሚረሱ የስምና የቍጥር ክምር ይሆኑበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንኑ ነገር ነው። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፣ ይኸውም ልጅ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ በሚወድበት በ13 እና በ14 ዓመት ዕድሜ፣ የዓለም የጥንትና የመካከለኛ ዘመን ታሪክ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥበትን መንገድ አንባቢ ያውቀዋል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በማስታወሻ ይሞላዋል፤ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል፤ ሰሌዳው ይጠፋል፤ እንደ ገና ይሞላል። ሐሙራቢ ሕግ አወጣ፤ ፈርዖኖች ፒራሚድ አሠሩ፤ እስክንድር ፋርስን ድል ነሣ፤ ምዕራባዊት ሮም በ476 ወደቀች። ፈተናውም ሲመጣ «ምዕራባዊት ሮም በስንት ዓመተ ምሕረት ወደቀች?» ይልና አራት ምርጫ ይደረድራል። «ሐ»ን የከበበ ልጅ ማርኩን ያገኛል። ሮም ስትወድቅ ማን አለቀሰ፣ ማን ተደሰተ፣ ወሬውን ሳይሰማ እርሻውን ሲያርስ የዋለ ማን ነው፤ ይህን የሚጠይቀው የለም።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ክፍሉ ሞልቷል፤ መጽሐፉ ለሁሉ አይዳረስም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ ታሪክ በነዚህ ክፍሎች ለብቻው የቆመ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ከጂኦግራፊና ከሌላው ጋር በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ለባቢሎን የሚደርሳት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙበት ጊዜ ነበረ። የትምህርት ቀን ሲያንስ ግን ምን እናስተምር የሚለው ነገር አብዝቶ ሊታሰብበት ይገባል እንጂ ሽምደዳው ሊፈጥን አይገባም።

ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምሁበት ነበር። የጥንት ታሪክን የማያውቅ ሰው፣ የጥንት ታሪክን መሣሪያ አድርጎ ለሚመጣበት ሰው መልስ የለውም። ጎንደር ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። የፋሺስት ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከተማዪቱን «አማራ» ብለው ለሰየሙት ግዛት መቀመጫ አድርገው፣ ከፋሲል ግቢ አጠገብ እስከ ዛሬ የምናያቸውን የፒያሳን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የመሳሰሉትን ሕንፃዎች ሠሩ። እነዚህ ሰዎች በምን ስም መጡ? በሮም ስም። «ፋሺስት» የሚለው ቃል ራሱ የተገኘው በጥንት ዘመን በሮም ሹማምንት ፊት ይያዝ ከነበረው በመካከሉ ምሳር ካለበት የበትር እስር ነው፤ በትሩ ለመግረፍ፣ ምሳሩ ለመግደል ምልክት ነበር። ሙሶሊኒም ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. በሮም ሰገነት ላይ ቆሞ፣ የሮም ግዛተ ነገሥት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ወደ ኮረብቶቿ ተመለሰ ብሎ ዐወጀ። የሱ አገር ሕዝብ አጨበጨበ። ያጨበጨበውም ሮምን በትምህርት ቤት ስላልተማረ አይደለም፤ ተምሯል። የተማረው ግን የድል አድራጊዎችን ስምና የድሉን ዓመት ብቻ ነበርና ሲያታልሉት አላወቀም። እንግዲህ ሽምደዳ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአክሱምን ሐውልት ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው ይህ ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ በሮም ከተማ «ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና» በሚባል አደባባይ ተተከለ። በዚያም ወደ 70 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ይህን የማያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሐውልቱ ለምን በዚያ ቦታ እንደ ተተከለ የሚነግረው የለም። በአጠገቡ «ታላቁ ሰርከስ» የሚባለው የጥንት የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት ገደማ አውግስጦስ ቄሣር ግብፅን ከያዘ በኋላ ከዚያ አንድ ሐውልት አስመጥቶ ያስተከለው በዚሁ ሜዳ ነበር። እንግዲህ ሙሶሊኒ የሠራው ሥራ የአውግስጦስን ሥራ ቃል በቃል መገልበጥ ነው። አውግስጦስን በክፍል ውስጥ «የመጀመሪያው የሮም ንጉሠ ነገሥት» ብሎ ብቻ የጻፈ ልጅ ይህን አያይም፤ የራሱን አገር ሐውልት ታሪክም ግማሹን ብቻ ያውቃል።

ለዚያ ትዕቢት የሚሰጠው መልስ ያው የጥንት ታሪክ ውስጥ ነበረ። የጥንቷ ሮም አክሱምን ገዝታ አታውቅም፤ የምታውቃት በንግድና በመልእክት ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ መንገድ መጽሐፍ፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር ያለችውን የአዱሊስን ወደብ፣ ወደ አክሱም የሚያደርሰውን ጎዳና፣ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቀውን ንጉሥ ዞስካሌስን ይጠቅሳል። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የፋርስ ሰው ማኒ ተናገረው ተብሎ በደቀ መዛሙርቱ መጽሐፍ በተጻፈው ውስጥ አክሱም ከሮምና ከፋርስ ጋር ከዓለም ታላላቅ መንግሥታት አንዷ ሆና ተቆጥራለች። የአክሱም ነገሥታት በግሪክ ፊደል የተጻፈበት የወርቅ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ይህ ሁሉ ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነው። እኔ ግን አንዱን ታሪክ ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ እሱም የሐር ነገር ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት ሮም ማለት ቊስጥንጥንያ ነበረች፤ ንጉሧም ዮስጢንያኖስ ነበር። የሮም መኳንንት ሐር ይወዱ ነበር፤ ሐሩ የሚመጣው ከቻይና ነው፤ መንገዱ ግን በፋርስ እጅ ነው። ከፋርስ ጋር ጦርነት አለ። ስለዚህ ሮም ሐር በገዛች ቍጥር ለጠላቷ ወርቅ ትከፍላለች። ዮስጢንያኖስ በ531 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ፣ ሐሩን እናንተ ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝታችሁ ለኛ ሽጡልን፤ እናንተ ትከብራላችሁ፣ እኛም ለጠላታችን መክፈላችን ይቀራል ሲል ለመነ። ነገሩን የጻፈው የዘመኑ የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዩስ ነው፤ መልእክቱ የደረሰውም ለዐፄ ካሌብ ነው። አክሱሞችም ተስማሙ። ነገር ግን አልሆነላቸውም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከብ በሚደርስበት ወደብ ሁሉ ቀድመው ተቀምጠው ሐሩን እንዳለ ይጠቀልሉት ነበርና። የ13 ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በፒያሳ አንዱ ባለ ሱቅ ከጅምላ አከፋፋዩ ጋር የቆየ ውል ስላለው ሌላው ዕቃ ሲያጣ አይቷል፤ አባቱም በማታ ሲያወራ ሰምቷል። እንደዚህ የተማረ ልጅ ቻይናን፣ ሕንድን፣ ፋርስን፣ ቊስጥንጥንያንና አክሱምን በአንድ ቀን አወቃቸው፤ አይረሳቸውምም። ከዚያ በላይ ደግሞ የአገሩ ነገሥታት የፈለጉት ሁሉ ያልተሳካላቸው ጊዜ እንደ ነበረ ያለ ኀፍረት ተማረ።

ይህን የጨመርሁት በምክንያት ነው። ሽምደዳውን የሚጠሉ አንዳንድ ሰዎች ወደ ሌላው ገደል ይወድቃሉና። «የግሪክና የሮም ነገር ምን ያደርግልናል፤ የራሳችን ይበቃናል፤ ሥልጣኔ ሁሉ የተጀመረው ከኛ ነው፤ ከማንም የተቀበልነው የለም» ይላሉ። ይህ ንግግር በቡና ቤት ቢያስጨበጭብም በሰሌዳ ፊት አይቆምም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ፩ ፪ ፫ ፬ ብሎ ይጻፍ። እነዚህ የግዕዝ አኃዞች ከግሪኮቹ ፊደላት ከአልፋ፣ ከቤታ፣ ከጋማና ከዴልታ የተወሰዱ ናቸው፤ አባቶቻችን ተቀብለው የራሳቸው አደረጓቸው። ከአጠገባቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይጻፍ። እነዚህ ደግሞ ከሕንድ ተነሥተው በዐረቦች እጅ አልፈው ወደ አውሮፓ የገቡ ናቸው፤ የፒሳው ሊዮናርዶ በ1202 እ.ኤ.አ. በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቃቸው ጊዜ ብዙዎች ይጠራጠሯቸው ነበር። እነዚሁ ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አልጀብራ ይማራሉ። ስሙ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ለመጽሐፉ ካወጣው ስም ነው። የሒሳብ መምህሩ ይህን አይናገርም፤ የታሪኩ አይደርስም ብሎ። የታሪክ መምህሩም አይናገርም፤ የሒሳብ ነው ብሎ። በመካከል ልጁ ባግዳድን በወሬ የቦምብ ከተማ ብቻ አድርጎ ያውቃታል። (ስኳርም ቢሆን ቃሉ ከሕንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ ቡና ቤት ገብቶ ለሚኮራው ሰው ይህን ማስታወስ አይከፋም።)

የዓለም ታሪክ በአገራችን ለልጆች ሲሰጥ ሁልጊዜ በዘመኑ መንግሥት ልክ ይሰፋ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ ከመምህራኑ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ የአውሮፓ ነገር ይበዛ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰው ልጅ ታሪክ ጥንታዊ የጋርዮሽ፣ የባሪያ አሳዳሪ፣ የፊውዳል እየተባለ በደረጃ ተከፈለ፤ ባቢሎንም ጎንደርም ከአንዱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከላይ ተናግሬአለሁ። ከነዚህ ሁሉ ውጭ ለብቻቸው የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ከበደ ሚካኤል «ታላላቅ ሰዎች» በሚለው መጽሐፋቸው የዓለምን ስመ ጥሮች ለኢትዮጵያ ወጣት በአማርኛ ማቅረባቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ብዙ ያወቀው ከሳቸው ነው። ነገር ግን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ብቻውን ሲሰጥ አንድ ጉድለት አለበት፤ ልጁ ታሪክን የጥቂት ጀግኖች ሥራ አድርጎ ያስባል። ፒራሚዱን የጎተተው፣ ሐሩን በግመል የጫነው፣ በሮም መንገድ ድንጋይ የፈለጠው ሰው ከዓይኑ ይሰወርበታል። የጎንደር ልጅ አብዛኛው የነዚያ ወገን ነው፤ የቄሣር ወገን አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። «መካከለኛው ዘመን» ሲባል በምንና በምን መካከል ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣ ተማሪ ቢኖር መምህሩ ሊያመሰግነው ይገባል። ስሙን ያወጡት የ14ኛውና የ15ኛው መቶ ዓመት የጣልያን ሊቃውንት ናቸው፤ የጥንቷን ሮም አንድ ብርሃን፣ የራሳቸውን ዘመን ሌላ ብርሃን አድርገው፣ በመካከል ያለውን አንድ ሺህ ዓመት ጨለማ አሉት። ለነሱ ይሆን ይሆናል። ለኛ ግን ያ «ጨለማ» ዐፄ ካሌብ ወደ የመን የዘመተበት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ጥገኝነት ያገኙበት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዘመን ነው። ለባግዳድ የሊቃውንት ዘመን ነው፤ ለቻይና የኅትመትና የባሩድ ዘመን ነው። ስሙን እናጥፋው አልልም፤ መጽሐፉ ሁሉ ስለሚጠራው ልጁ ሊያውቀው ይገባል። ነገር ግን የሌላ ሰው ቤት ስም መሆኑን እያወቀ ይጥራው።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማሳየት አንድ ዓመት መርጦ ዓለምን በዚያ ዓመት ዙሪያ መዞር ይጠቅማል። 1200 እ.ኤ.አ. ይሁን። በላስታ ንጉሥ ላሊበላ በዙፋኑ ላይ ነው። ሳላሕ አድ ዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች ከወሰደ (1187) ገና ጥቂት ዓመት ነው። በፓሪስ ከ1163 ጀምሮ የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነው፤ ከታች ወደ ላይ በድንጋይ ይካባል፤ በላስታ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ዐለት ይፈለፈላል። በሞንጎሊያ ሜዳ ቴሙጂን ጎሣውን እያሰባሰበ ነው፤ በ1206 ጀንጊስ ካን ይባላል። ይህን በአንድ ገጽ የሣለ ተማሪ ስለ መካከለኛው ዘመን ከሃያ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ አወቀ።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ችላ የሚሉት፣ ልጆችን ግን አብዝቶ የሚያወናብደው የዘመን አቈጣጠር ነገር አለ። ከላይ ያነሣሁት የፈተና ጥያቄ «በስንት ዓመተ ምሕረት» ይላል፤ 476 ግን የአውሮፓ ቍጥር ነው። ልጁ አስጎብኚው ጎንደር በ1636 ተቈረቈረች ሲል ይሰማል፤ አያቱ ደግሞ በ1628 ይሉታል፤ ሁለት ሰዎች የተጣሉ ይመስለዋል። ቊስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ የወደቀችው በ1453 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ 1445 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑን ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ልጅ ካለም ባሕረ ሐሳብን አንሥቶ ለጓደኞቹ ያስረዳቸው። ይህ ሳይደረግ ዓመት ማስጠናት አሸዋ መቍጠር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ልጁን «ይህን ማን ነገረን?» ብሎ መጠየቅን ማስለመድ ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግዕዝ «ዮሐንስ መደብር» የሚባል መጽሐፍ አለ። የጻፈው በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብፅ የኒቅዩስ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ዮሐንስ ነው። መጽሐፉ ከአዳም ተነሥቶ ግሪክንና ሮምን አልፎ ዐረቦች ግብፅን እስከ ያዙበት ድረስ የሚተርክ የዓለም ታሪክ ነው። መጀመሪያ የተጻፈበት ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ከዚያ የተቀዳው የዐረብኛውም ጠፍቷል። የቀረው በ1602 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢትዮጵያ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው ብቻ ነው። ዘተንበርግ የተባለው ሊቅ ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር በ1883 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ካሳተመው ወዲህ፣ ዐረቦች ግብፅን እንዴት እንደ ያዙ ለማወቅ የሚሻ የዓለም ሊቅ ሁሉ ወደዚህ የግዕዝ መጽሐፍ ይመጣል። እስቲ አስቡት፤ የዓለምን ጥንታዊ ታሪክ የሚያስተምረን የውጭ አገር ሰው ነው እንላለን፤ የውጭ አገሩ ሰው ግን ከኛ ቤት መጽሐፍ ይዋሳል። በጎንደር ከተማ ግን የ8ኛ ክፍል ተማሪ የዚህን መጽሐፍ ስም ሳይሰማ ያልፋል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በ415 እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ ስለ ተገደለችው ስለ ሂፓቲያ ተጽፏል። ሂፓቲያ ሒሳብና ፍልስፍና የምታስተምር ሴት ነበረች፤ ክርስቲያን አልነበረችም። ዮሐንስ የአስማት ሰው አድርጎ ይነቅፋታል፤ መገደሏንም እንደ መልካም ነገር ይተርከዋል። ከሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በቊስጥንጥንያ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ (ፈላስፋው አይደለም) ያንኑ ነገር ጽፎ፣ ትምህርቷን አመስግኖ፣ ግድያው ለእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ነውር ሆነ ይላል። ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው። ሁለቱም ስለ አንዲት ሴት፣ ስለ አንዲት ከተማ፣ ስለ አንድ ቀን ይናገራሉ። አንዱ ያጨበጭባል፤ አንዱ ያዝናል።

መምህሩ ይህን ለልጆች ለማቅረብ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ወላጅ «ልጄን ምን አስተማርህብኝ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን እዚህ ላይ የጎንደር ሊቃውንት የተዉልን መንገድ አለ። የትርጓሜ መምህር በጉባኤ ቤት አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» ይላል፤ አንደኛውን ፍች ይናገራል። እንደ ገና «አንድም» ይላል፤ ሌላውን ይናገራል። ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም በቃሉ ይይዛል፤ አንዱን ሰምቶ ሌላውን ለመስማት ጆሮውን አይደፍንም። ጎንደር ለብዙ ዘመን የዚህ ትምህርት መዲና ናት፤ የላይ ቤትና የታች ቤት እየተባለ የሚጠራው የትርጓሜ ልዩነትም እዚሁ ተለይቶ የታወቀ ነው። እንግዲህ የታሪክ መምህሩ የዮሐንስን ቃል አንድም፣ የሶቅራጥስን ቃል አንድም ብሎ ቢያቀርብ ለጎንደር ወላጅ ባዕድ ነገር አላመጣም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በትርጓሜ ሁለቱም ፍች አብሮ ሊኖር ይችላል፤ በታሪክ ግን ተማሪው ሁለቱን ሰምቶ መመዘን አለበት። ማን ቀረበ? ማን በዘመኑ ነበረ? ማን ለማን ይጽፍ ነበር? አንዲት ሴት በሰው እጅ ተገድላ አንዱ ጸሐፊ ደስ ሲለው ምን ሊለው ይገባል? ይህን የ14 ዓመት ልጅ ሊመልስ ይችላል። ሁለት ወገን ስለ አንድ ቀን ሁለት ዓይነት ወሬ በሚያወራበት አገር የሚያድግ ልጅም፣ በሰፈሩ የሚሰማውን ወሬ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አያገኝም፤ የሂፓቲያ ነገር 1,600 ዓመት ያለፈው በመሆኑ ማንም ዱላ አያነሣበትምና።

ፈተናውንም መለወጥ ይቻላል። «476» የሚል መልስ ከመጠየቅ ይልቅ «ዮስጢንያኖስ ሐሩን በአክሱም በኩል ለምን ፈለገው? ለምንስ አልሆነለትም?» ቢባል ልጁ አምስት መስመር ይጽፋል። ማረሙ ለመምህሩ ይከብዳል፤ እውነት ነው። ስለዚህ በዓመት ውስጥ ሁለት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢበቃስ? ሌላው በምርጫ ይቅር።

ከፒያሳ እስከ ፋሲል ግቢ አጭር የእግር መንገድ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን (እነሱ «ቲቸር» ይሉታል) ይዞ ሲወርድ መጀመሪያ ፖስታ ቤቱ ፊት ያቁማቸውና የጣልያንን ሥራና የአደባባዩን ስም ይንገራቸው። ከዚያ 900 ሜትር በሚሆነው የግቢ ቅጥር ውስጥ ገብተው በዐፄ ፋሲል ግንብ ላይ ድንጋዩን ከድንጋይ ያጣበቀውን ኖራ በዓይናቸው ይፈልጉ። በ1648 እ.ኤ.አ. ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ግንቡን አይቶ በጽሑፉ አደንቆታል፤ ያነፀውም ሕንዳዊ ነው ብሏል። ዩኔስኮም ግቢውን በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የሕንድና የዐረብ ጥበብ እንዳለበት፣ ኋላም ኢየሱሳውያን ያመጡት የአውሮፓ አሠራር እንደ ተጨመረበት ጽፏል። ሕንድ፣ ዐረብ፣ ፖርቱጋል በአንድ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ድንጋዩን የፈለጠውና ውሃውን የቀዳው ግን የዚሁ አገር ሰው ነው። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። የመግቢያውን ነገር ርእሰ መምህሩ አስቀድሞ በደብዳቤ ቢያስፈቅድ ይሻላል፤ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሄዱም ፀሐዩ ስለማይበረታ ልጆቹ ቆመው ለመጻፍ ይመቻቸዋል።